በሆድ የተያዘ ዋጋ፦ የድሮ ብርና ሳንቲም በኢንተርኔት ጨረታ ስትሸጡ መነሻውንና ሪዘርቩን እንዴት ትወስናላችሁ

ከአባቴ አራት የምኒልክ ብር ወርሻለሁ። አንዱን በ23 ዶላር ሸጥኩት።

ጨረታውን የከፈትኩት በ99 ሳንቲም ነበር። "ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ገበያው ራሱ ያወጣዋል" ተብዬ ነበር። ምክሩ ውሸት አይደለም፣ ግን ለሌላ ዕቃ የሚሆን ምክር ነው። ጨረታው የተዘጋው ለረቡዕ አጥቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። በሰባት ቀን ውስጥ የመጡት ተጫራቾች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው 22 ከሃምሳ ላይ ሲቆም ሌላኛው በ23 ወሰደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ዓመተ ምሕረት ያለበት፣ እንዲያውም ከእኔው ይልቅ ፊቱ የተበላ ብር በ90 ዶላር ሲሸጥ አየሁ። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን አባቴ ሰላሳ ዓመት በመሀረብ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ነገር ነውና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ሳልጽፍ ጨረታ ከፍቼ አላውቅም። ይሄ ጽሑፍ ያቺ ቁጥር እንዴት እንደምትገኝና የት እንደምትቀመጥ ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆናችሁ ከእናት ከአባት የደረሳችሁ ጠገራ ብር፣ ግርሽ፣ የጃንሆይ ወርቅ እጃችሁ ላይ ካለ ለእናንተ ነው። ምሳሌዎቹን የማወጣው በደንብ ከማውቀው ከአሜሪካው ኢቤይ ነው፤ ሌሎቹም ብዙ አይርቁም።

መጀመሪያ ቃሉን እንግባባ። የመርካቶ ነጋዴ ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ አፉ ላይ ያለው ነው። ሌላው "የመጨረሻው ስንት ነው?" ብላችሁ ስትጨቀጭቁት እንኳን የማይነግራችሁ፣ በሆዱ የያዘው፣ ከሱ በታች ዕቃውን የማይለቅበት ዋጋ ነው። የኢንተርኔት ጨረታም እንዲሁ ነው። መነሻ ዋጋ ሁሉም የሚያየው ነው። ሪዘርቭ የሚባለው በሆድ የተያዘው ነው፤ ተጫራቹ ቁጥሩን አያይም፣ "ሪዘርቩ ገና አልደረሰም" የሚል ጽሑፍ ብቻ ያያል። ጨረታው ሪዘርቩ ላይ ሳይደርስ ከተዘጋ ለመሸጥ አትገደዱም።

1ኛ፦ እጃችሁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

እኛ አንድ ትልቅ ብልጫ አለን። የምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው። ብዙ የውጭ ሻጭ ማንበብ አይችልምና "የድሮ የኢትዮጵያ ሳንቲም፣ ዓመቱ የማይታወቅ" ብሎ ያወጣዋል። እናንተ ፲፰፻፹፯ የሚለውን ከ፲፰፻፹፱ ለይታችሁ ታነባላችሁ። ልዩነቷ የመጨረሻዋ ፊደል ናት፣ ዋጋው ላይ ግን ብዙ ናት፤ 1887 የመጀመሪያው ዙር ነው፣ በቁጥርም ከ1889ኙ በጣም ያንሳል። ስለዚህ የጨረታው ርዕስ ላይ ዓመቱን በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ጻፉ።

ጎፈሩንም፣ ማለት አንበሳው ያለበትን ገጽ፣ እዩ። በ1887 እና በ1889ኙ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሳው ግራ እግሩን ነው። በ1892 እና በ1895ቱ ላይ ቀኝ እግሩን። ዓመቱና እግሩ ካልተስማሙ በጣም ተጠራጠሩ። ከዚያ መዝኑት። የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ርካሽ ነው። ሙሉው ብር 28 ግራም ከትንሽ ነው፣ አላዱ (ግማሽ ብሩ) 14፣ ሩቡ 7 ግራም ገደማ። በአገልግሎት ብዛት ትንሽ ሊጎድል ይችላል፤ 24 ግራም ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ። ማግኔትም አስጠጉለት። ብር ማግኔት አይዘውም። አስመስለው የሚሠሩት የምኒልክ ብርና የማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር) ብዛት የዋዛ አይደለም፣ ያረጁ አስመስለው በጭስ ያጠቁሩታል።

ማርትሬዛ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ጀርባው ላይ 1780 ይላል። ይሄ ማለት ግን በ1780 ታተመ ማለት አይደለም። እቴጌዋ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ቪየናም ሮምም ለንደንም ቦምቤይም የታተመው፣ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ዛሬም ታትማለች። አያቶቻችን የትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች እየቆጠሩ የሚቀበሉት ለዚህ ነበር። እናንተም "የ240 ዓመት ዕቃ" ብላችሁ 400 ዶላር ብታወጡት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ትንንሾቹን በፍጥነት ልለፍ። የ1895 ግርሽ ብዙ ነው፣ ዓመቱ ሳይቀየር እስከ ንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ድረስ ታትሟል። የጃንሆይ የ1936 ስሙኒ ካላችሁ ጠርዙን እዩ፤ ሞገድ ሞገድ ያለው ሞልቷል፣ ድፍን ክቡ ግን ብርቅ ነው። ክቡ እንዲቀየር የተደረገው ሰው ብር እየቀባ ከሽልንግ (ከ50 ሳንቲሙ) ጋር ስለሚያምታታው ነበር። የደርግ የ1969 ሳንቲሞች ለየብቻ አይሸጡም፤ በአንድ ከረጢት ሰብስባችሁ አውጡ።

እባካችሁ አትጠቡት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም። አንድ ጋሼ ስድስት ጠገራ ብር አምጥተውልኝ ነበር፣ ልክ እንደ መስታወት ያበራሉ። "ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስወለውለው አደርኩ፣ የሚያይ ሰው ደስ እንዲለው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁርና ግራጫ ሽፋን ነው። ከተወለወለ በኋላ የሚቀረው የብረቱ ዋጋና ትንሽ ጭማሪ ብቻ ነው። ማንጠልጠያ ተበይዶበት ለአንገት ጌጥ የዋለም እንደዚሁ ነው፤ እንደ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል፣ እንደ ጌጥ ግን ሌላ ገዢ አለው፤ በጌጣጌጥ ክፍል አውጡት።

ስለ አክሱም ሳንቲም አንድ ነገር ብቻ ልበል። የእንዱቢስ፣ የአፊላስ፣ የኢዛና ነው የተባለ ነገር እጃችሁ ከገባ፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሕጋዊ ወረቀት ከሌለው ዋጋ ለማውጣት አትቀመጡ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። እኔ ወረቀት የሌለው አልነካም፣ ለማንም አልሸጥም።

2ኛ፦ የብረቱን ዋጋ አስሉ

ይሄ የመጀመሪያው ወለል ነው። የምኒልክ ብር ውስጥ ያለው ጥሩ ብር 0.754 አውንስ ገደማ ነው። ማርትሬዛ 0.752። ግርሽ 0.0377 ብቻ። በዕለቱ የብር ዋጋ አባዙት። ለምሳሌ ብር በአውንስ 30 ዶላር ቢሆን ማርትሬዛው የ22 ዶላር ከሃምሳ ያህል ብር ይዟል። ዋጋው በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የዛሬውን አይታችሁ አስሉ፣ ያምናውን አትያዙ። ጨረታው አንድ ሳምንት የሚቆይ ከሆነ በመሀል ሊወርድም ሊወጣም ይችላል።

በ1958 ለጃንሆይ 75ኛ ልደት የወጣው ወርቅ ካላችሁ ስሌቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ባለ 100 ዶላሩ 40 ግራም ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 36 ግራሙ ንጹሕ ወርቅ ነው፣ 1.157 አውንስ መሆኑ ነው። ወርቅ በአውንስ 3,000 ዶላር ቢሆን ብረቱ ብቻ 3,470 ገደማ ያወጣል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

3ኛ፦ የተሸጠበትን እንጂ የተጠየቀበትን አትመልከቱ

ይሄ ነው ዋናው ሥራ፣ አብዛኛው ሰውም የሚዘለው ይሄንኑ ነው። ኢቤይ ላይ የምኒልክ ብር ብላችሁ ብትፈልጉ አንዱ 60፣ ሌላው 1,500 ጠይቆበት ታያላችሁ። 1,500 የጠየቀው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሸጥለት እዚያው ሊቀመጥ ይችላል። የጠየቀው ዋጋ ምንም አይነግራችሁም። ማጣሪያው ውስጥ "የተሸጡ" የሚለውን ምረጡ። ያኔ ሰው እውነት ገንዘብ ያወጣበትን ታያላችሁ። ከፍ ላለ ዕቃ የትልልቅ አጫራች ድርጅቶችን መዝገብ እዩ፤ የሄሪቴጅ መዝገብ በነፃ ተመዝግባችሁ የምታዩት ነው፣ ድሮ የተሸጠው ከነፎቶው አለ። ዓይነቱን ለመለየት ኑሚስታ የሚባለው የሳንቲም ዝርዝር ድረ ገጽ ይበቃል።

አምስት ስድስት ሽያጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ዓመቱ አንድ መሆን አለበት። ሁኔታውም ተቀራራቢ ይሁን፤ የዘውዱ ዕንቁ፣ የምኒልክ ጢም፣ የአንበሳው ጎፈር ፀጉር ምን ያህል እንደተበላ ከእናንተው ጋር አስተያዩ። እንበል 70፣ 82፣ 85፣ 90 እና 240 አገኛችሁ። 240ው ለምን ራቀ? ክፈቱና እዩት። ብዙ ጊዜ እንደ ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ ባለ መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ፣ ከ70 ነጥብ ደረጃ ተሰጥቶት በፕላስቲክ የታሸገ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የእናንተው ካልታሸገ እሱን ሰርዙት። መካከሉን ያዙ። እዚህ ጋር 82 እና 85 ነው፣ እንግዲህ 84 ገደማ በሉት። አማካይ አታውጡ፤ አንዱ የራቀ ቁጥር ሁሉንም ይጎትተዋል።

ዋጋውን ስትጽፉ አጠገቡ ስንት ሰው እንደተጫረተም ጻፉ። ከዋጋው እኩል የሚጠቅም መረጃ ነው። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ታያላችሁ።

4ኛ፦ ወለላችሁን በወጪ አስተካክሉ

ከሽያጩ ላይ ኢቤይ ለአብዛኛው ዕቃ ከ13 በመቶ ከፍ ያለ ይወስዳል። የሚያሰላው ደግሞ በሳንቲሙ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ገዢው የከፈለውን መላኪያና የሽያጭ ታክስ ጨምሮ ነው። ሂሳቡ በየጊዜው ስለሚከለስ ከማውጣታችሁ በፊት ተመኑን እዩት። እኔ እንዳይጎድልብኝ ሁልጊዜ 15 በመቶ አድርጌ እይዛለሁ።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ተሽጦ እጄ ላይ ቢያንስ ስንት ካልቀረ ይቆጨኛል? እንበል 60 ዶላር። ማሸጊያና መላኪያ 6 ዶላር። ሁለቱን ደምሩ፣ 66። ለ0.85 አካፍሉ። 78 ዶላር ወጣ። ይቺ ናት በሆድ የምትያዘዋ ቁጥር። 60 አይደለችም። ብዙ ሰው 60 ፈልጎ 60 ላይ ይከፍትና እጁ ላይ 45 ሲገባ ይናደዳል።

ያቺ ቁጥር ከገበያው መካከለኛ ዋጋ በላይ ከሆነችስ? ማለትም ሰው በ84 የሚገዛውን እናንተ ከ110 በታች አልሸጥም ካላችሁ? እንግዲያው ለመሸጥ ዝግጁ አይደላችሁም። ችግር የለውም። አስቀምጡት። ሪዘርቭ ይሄንን አያስተካክልም።

ወደ ወርቁ ልመለስ። ባለ 100 ዶላሩ የ3,470 ወርቅ ይዟል ብለናል። አንድ የወርቅ ነጋዴ 95 በመቶውን ቢሰጣችሁ 3,300 ገደማ በአንድ ቀን በእጃችሁ ትይዛላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ያንኑ 3,300 እጃችሁ ላይ ለማስቀረት 3,880 ገደማ መሸጥ አለበት። ስለዚህ ሰብሳቢ ለታሪኩ ብሎ ከብረቱ በላይ 12 በመቶ ያህል የማይጨምርበት ከሆነ ጨረታው ኪሳራ ነው። ማርትሬዛም ላይ ያው ነው። አንዷን ለብቻ 20 ዶላር እንዲቀርላችሁ 31 ዶላር ገደማ መሸጥ አለባት፤ መላኪያው ይበላታል። አምስቱን በአንድ ላይ ብታወጡ፣ መላኪያው 8 ዶላር ቢሆን እንኳን፣ ወለሉ 127 ነው፤ ለአንዷ 25 ዶላር ከግማሽ መሆኑ ነው። ያኔ ገዢም ታገኛላችሁ።

5ኛ፦ ቁጥሯን የት ታስቀምጧታላችሁ?

ሦስት ቦታ አለ፤ መነሻው ላይ፣ ሪዘርቩ ላይ፣ ወይም ጨረታውን ትታችሁ በቁርጥ ዋጋ "ዋጋ አቅርቡልኝ" ብላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ጨረታው እንዴት እንደሚቆጥር ልንገራችሁ። ተጫራቹ ከፍተኛውን ዋጋውን አንዴ ይጽፋል፣ እንበል 150። ሲስተሙ ግን 150 አይልም። ተፎካካሪውን ለማለፍ የምትበቃውን ያህል ብቻ ይጨምርለታል። ተፎካካሪ ከሌለ ዋጋው መነሻው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ገባችሁ? 150 ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው በ99 ሳንቲም ሊወስድባችሁ ይችላል። ዋጋን የሚያወጣው አንደኛው ሰው አይደለም፣ ሁለተኛው ነው።

የአሜሪካ የብር ዶላር ብታወጡ ሁለተኛም ሃያኛም ሰው አለ። በ99 ሳንቲም ክፈቱት፣ ገበያው ያወጣዋል። የኢትዮጵያ ሳንቲም ሰብሳቢ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ሳምንት አንዱ ታሞ፣ አንዱ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። የእኔን ብር የበላው ይሄ ነው። ስለዚህ ደንቤ ይሄ ሆኗል፦ የተሸጡት ላይ ከአሥር በላይ ጊዜ የተጫረቱበት ከሆነ ዝቅ አድርጌ እጀምራለሁ። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ቁጥሯን ፊት ለፊት መነሻው ላይ አስቀምጣለሁ። ከላይ ባለው ምሳሌ 78 ላይ ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም አልከፋም።

"በ78 ከጀመረ ማን ይመጣል?" ትሉኝ ይሆናል። የሚፈልገው ይመጣል። ዝቅተኛ መነሻ የሚሰበስበው አጋጣሚ ፈላጊውን ነው፤ እሱ ደግሞ 30 ሲደርስ ይሸሻል።

ሦስተኛውን፣ ቁርጥ ዋጋውን፣ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ለጥቂት ገዢ ባለበት ዕቃ በጣም እወደዋለሁ። 95 ብላችሁ ታወጣላችሁ፣ "ዋጋ አቅርቡ" የሚለውን ትከፍታላችሁ። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ከ78 በታች የመጣውን በራሱ እንዲመልስ፣ ከ88 በላይ የመጣውን በራሱ እንዲቀበል ታዛላችሁ። ይሄ በነፃ የተገኘ ሪዘርቭ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለው፣ 15 ዶላር እየጻፈ ሌሊት የሚያነቃችሁ ሰው እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል።

6ኛ፦ ሪዘርቭ መቼ?

ሪዘርቭ በነፃ አይደለም። አሜሪካ ኢቤይ ላይ ሪዘርቭ ስታስቀምጡ 5 ዶላር ወይም የሪዘርቩን 7.5 በመቶ፣ የሚበልጠውን፣ ትከፍላላችሁ፤ ጣሪያው 250 ዶላር ነው። ባይሸጥም አይመለስም። 300 ዶላር ሪዘርቭ ካደረጋችሁ 22 ዶላር ከሃምሳ ሄደ ማለት ነው። ሳይሸጥ ቀርቶ እንደገና ብታወጡት እንደገና ትከፍላላችሁ። 78 ዶላር መነሻ ላይ ብታስቀምጡ ግን ምንም አትከፍሉም።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም። "ሪዘርቩ ገና አልደረሰም" የሚለውን ሲያይ ብዙ ሰብሳቢ ይተወዋል። ሻጩ ሕልም ይዞ ነው ብሎ ያስባል። ከ200 ዶላር በታች ላለ ሳንቲም ሪዘርቭ አድርጌ አላውቅም፣ አልመክርምም።

ታዲያ የሚያስፈልገው ለምን ዓይነቱ ነው? ዋጋው በትክክል ለማይታወቅ፣ ግን ተፈላጊ ለሆነ ዕቃ። እንበል 1887 ብር አላችሁ፣ ፊቱ ምንም አልተበላም፣ ተመርምሮም ታሽጓል። ተመሳሳዩ ከሁለት ዓመት ወዲህ አልተሸጠም። 600 ሊሆን ይችላል፣ 1,500ም ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋር ዝቅ ብሎ መጀመር ሰውን ይሰበስባል፣ ሪዘርቩ ደግሞ ከአደጋ ይጠብቃችኋል። ቁጥሩን ስትመርጡ ከምትጠብቁት 70 ወይም 75 በመቶ ላይ አድርጉ። ሪዘርቭ የምኞት ዋጋ አይደለም፣ የመጨረሻ መከላከያ ነው። አንዱ ተጫራች የጻፈው ከፍተኛ ዋጋ ሪዘርቩን ሲያልፍ ዋጋው ወዲያው ሪዘርቩ ላይ ይዘላል፣ ጽሑፉም ይቀየራል። የእውነተኛው ፉክክር የሚጀምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ቶሎ እንዲደረስበት ነው የምትፈልጉት።

ሰው "ሪዘርቩ ስንት ነው?" ብሎ መልእክት ይልካል። እኔ እነግረዋለሁ። ደብቄ ምን አተርፋለሁ? ቁምነገር ያለው ገዢ ካወቀ በኋላ ወይ ይገባል ወይ አያባክነኝም።

ለትልቅ አጫራች ድርጅት ከሰጣችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ ግምት ያወጣሉ፣ ከዚህ እስከዚህ ብለው። ሪዘርቩ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ግምት አይበልጥም። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሳይሸጥ ቢቀር የምከፍለው አለ? ሪዘርቩን ያለ እኔ ፈቃድ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

7ኛ፦ ሰዓቱና ሳምንቱ

ጨረታው የሚዘጋው በተከፈተበት ሰዓት ነው፤ ሰባት ቀን ብላችሁ እሑድ 9 ሰዓት ከከፈታችሁ እሑድ 9 ሰዓት ይዘጋል። እኔ የምከፍተው እሑድ፣ በዋሽንግተን ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ካሊፎርኒያ እኩለ ቀን፣ ፓሪስ ማታ፣ እስራኤልም ገና ያልተኛበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ሰው እንዲነቃ ነው ይሄ ሁሉ።

በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ፣ "ጨረታውን ዝጋውና በቀጥታ 70 ልላክልህ" የሚል። አትስሙት። ከቦታው ውጭ የተደረገ ሽያጭ ለእናንተም ለገዢውም ጥበቃ የለውም፣ ሂሳባችሁንም ያዘጋል። ደግሞም ቸኩሎ 70 የሚሰጥ ሰው ዕቃው የበለጠ እንደሚያወጣ ያወቀ ነው። ሁለተኛው ከቤት ነው የሚመጣው። "የአክስቴን ልጅ ልንገራት፣ ገብታ ትጨምርልኝ" ይላል ሰው። አይደረግም። በራስ ዕቃ ላይ ዘመድ ማጫረት ክልክል ነው፣ ማታለልም ነው። ወለላችሁን በትክክል ካስቀመጣችሁ የአክስታችሁ ልጅ አታስፈልግም።

8ኛ፦ ካልተሸጠ

ሪዘርቩ ሳይደርስ ከቀረ ከፍተኛውን ለጻፈው ሰው "ሁለተኛ ዕድል" የሚባለውን ግብዣ መላክ ትችላላችሁ። እሱ 210 ደርሶ ሪዘርቫችሁ 225 ከነበረ ቆም ብላችሁ አስቡ፤ በ15 ዶላር ምክንያት አዲስ ክፍያና አዲስ ሳምንት አያዋጣም። 120 ደርሶ ከነበረ ግን ተዉት።

መነሻው ላይ ማንም ሳይመጣ ከቀረ ወዲያው ዋጋ አትቀንሱ። መጀመሪያ ፎቶውን እዩ። ዘውድና ጎፈሩ፣ ሁለቱም ፊት፣ ያለ ብልጭታ፣ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ነው? ዓመቱ የተጻፈበት ቦታ በቅርብ ይታያል? ሚዛን ላይ ተቀምጦ 28 ግራም የሚለው ፎቶስ አለ? እኔ የሚዛኗን ፎቶ ከጨመርኩ ወዲህ የሚመጣልኝ ጥያቄ ቀንሷል፣ ሰው ያምናል። ርዕሱስ? የምኒልክ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል፣ ፈላጊው የሚጽፍበት የትኛው እንደሆነ አታውቁምና ሁለቱን የተለመዱትን አስገቡ።

ይሄን አስተካክላችሁ በዚያው ዋጋ አንዴ ድገሙት። ሁለተኛውም ካልሄደ አሥር በመቶ ቀንሱ፣ ግን ከወለላችሁ በታች አትውረዱ። ሦስተኛውም ካልሄደ ስድስት ወር አሳርፉት። ብሩን ወደ ወረቀት ኤንቨሎፑ መልሱት፤ ፕላስቲኩ አንዳንዱ ላብ አምጥቶ ያበላሸዋል። ኤንቨሎፑ ላይ ዓመቱን፣ ክብደቱን፣ የወጣበትን ቀንና የቀረበለትን ከፍተኛ ዋጋ በእርሳስ ጻፉበት።